ባትሪ የሌለው ሴንሰር ሶሌታ ውስጥ እንዴት ይቀበራል? ከግዢ እስከ ንባብ

ኮርኒሱ ላይ ቢጫ እድፍ ሲወጣ ውሃው ኮንክሪቱ ውስጥ ከገባ ሰንብቷል። ልስኑ ረግፎ ፌሮው ብቅ ሲል ደግሞ ዝገቱ ዓመታት አስቆጥሯል። ዝገት ከመጀመሪያው ብረት ከ2 እስከ 6 እጥፍ ቦታ ይፈልጋል። ቦታ ሲያጣ ኮንክሪቱን ከውስጥ ገፍቶ ይፈነቅለዋል። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 14 ቀን 2018 ጣሊያን ጄኖቫ ላይ የተደረመሰው የሞራንዲ ድልድይ የ43 ሰዎችን ሕይወት ቀጥፏል። የድልድዩ ማንጠልጠያ ኬብሎች በኮንክሪት የተለበጡ ስለነበሩ ብረቱ ምን እንደሆነ ከውጭ ሆኖ ማየት አይቻልም ነበር።

እንግዲህ ውስጡን ለማወቅ ውስጡ የሚቀመጥ ነገር ያስፈልጋል። ባትሪ ያለው ሴንሰር ገዝቶ መቅበር ይቻላል። ችግሩ ባትሪው ጥቂት ዓመት ሠርቶ ማለቁ ነው። ሕንፃው 50 ዓመት እንዲቆም ታስቦ ተሠርቶ፣ ባትሪ ለመቀየር ብሎ ሶሌታ የሚቦረቡር ሰው የለም።

መፍትሔው ባትሪ የሌለው ሴንሰር ነው፤ በተለምዶ ታግ ይባላል። ይህ ታግ ኃይሉን የሚያገኘው ከሚያነበው መሣሪያ ነው። አንባቢው የሬዲዮ ሞገድ ይልካል። የታጉ አንቴና ከዚያ ሞገድ ጥቂት ኃይል ይቀበላል። ቺፑ ለመንቃት የሚበቃው በማይክሮዋት የሚቆጠር ኃይል ነው። ይነቃል፣ ይለካል፣ መልሱን የመጣለትን ሞገድ መልሶ በማንጸባረቅ ይሰጣል። አንባቢው ሲጠፋ ታጉም ይተኛል። 

ይህ መመሪያ አዲስ አበባ ውስጥ ጣሪያው ሶሌታ ለሆነ፣ ገና ኮንክሪት ላልተሞላ መካከለኛ ሕንፃ ታስቦ የተጻፈ ነው። ለውሃ ታንከርም ለመደገፊያ ግድግዳም መንገዱ ብዙ አይለይም። አንድ ነገር አስቀድሜ ልናገር። ብዙ ሰው ሐሳቡ ሁሉ ታጉ ላይ ነው፤ የቱ ብራንድ፣ ስንት ብር። ሥራውን የሚያበላሸው ግን ብዙ ጊዜ ታጉ አይደለም። የተቀበረበት ቦታ፣ ጥልቀቱና ያልተመዘገበው የመጀመሪያ ንባብ ነው።

1. ምን ማወቅ እንደምትፈልጉ ወስኑ

አንድ ታግ ሁሉንም አይለካም። ጥያቄው አብዛኛውን ጊዜ ከሦስቱ አንዱ ነው፦ ኮንክሪቱ ሲጠነክር ሙቀቱ ስንት ነው? ውሃ ገብቷል ወይ? ፌሮው ዝጓል ወይ?

የመጀመሪያው ጥያቄ ከሆነ ያላችሁ፣ ባትሪ አልባውን ተዉት እላለሁ። ኮንክሪት ምን ያህል እንደጠነከረ ከሙቀቱ የሚገመትበት የታወቀ ስሌት አለ። የየሰዓቱን ሙቀት ትወስዳላችሁ፣ መነሻ የሚባለውን ሙቀት ትቀንሳላችሁ፣ በሰዓቱ አባዝታችሁ ትደምራላችሁ። መነሻው ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ ነው ብንልና የመጀመሪያው ቀን አማካይ ሙቀት 28 ዲግሪ ቢሆን፣ 38 ሲባዛ በ24፣ 912 ይሆናል። ሁለተኛው ቀን አማካዩ ወደ 24 ቢወርድ 816 ይጨመራል፤ ድምሩ 1728። ይህን ቁጥር ከዚያው ድብልቅ ከተሠሩ የሙከራ ኪዩቦች የጥንካሬ ውጤት ጋር ታስተያያላችሁ። በፒፒሲ (ፖዞላና በተጨመረበት) ሲሚንቶ የተሠራ ከኦፒሲው (ከተራው ፖርትላንድ) ዘግይቶ ስለሚጠነክር የአንዱ ሠንጠረዥ ለሌላው አይሆንም።

ይህ ስሌት የሌሊቱንም ሙቀት ይፈልጋል። ባትሪ አልባው ታግ ካልቀሰቀሳችሁት አይለካም፣ ማስታወሻም የለውም። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት አንባቢ ይዞ ሶሌታ ላይ የሚቆም ከሌለ፣ ወይም ቋሚ አንባቢ ካልተከላችሁ ቁጥሩ ጎዶሎ ነው። ለመጀመሪያው ሳምንት ተራ ባለ ሽቦ የሙቀት መመዝገቢያ ርካሽም አስተማማኝም ነው።

ሁለተኛው ጥያቄ፣ እርጥበት፣ የባትሪ አልባው ትክክለኛ ቦታ ነው። በዓመት ሁለት ሦስቴ ብቻ ይጠየቃል፣ ለአሥርት ዓመታትም ይቀጥላል። የዚህ መመሪያ ቀሪው ክፍል በዚሁ ላይ ነው።

ሦስተኛው፣ ዝገት፣ ለብቻው የተሠራ ሴንሰር ይፈልጋል። አሜሪካ ቴክሳስ ኦስቲን ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የተሠራ አንድ ብልህ ዓይነት አለ። ቀጭን የብረት ሽቦ ከኮንክሪቱ ጋር ተነካክቶ ይቀመጣል። ከፌሮው ቀድሞ የሚጎዳው እሱ ነው። ሽቦው በዝገት ሲበጠስ ሴንሰሩ ለሬዲዮ ሞገድ የሚሰጠው ምላሽ ይቀየራል። መልሱ "ተበጥሷል" ወይም "አልተበጠሰም" ነው፤ ሌላ ዝርዝር የለውም። እኔ ይህን ድክመት አልለውም። የተለያየ ውፍረት ያላቸው ሽቦዎች፣ በተለያየ ጥልቀት ከተቀመጡ ዝገቱ የት እንደደረሰ ደረጃ በደረጃ ይነግራሉ።

2. ፍሪኩዌንሲና ታግ ምረጡ

ሁለት አማራጭ ታገኛላችሁ። አንዱ ኤንኤፍሲ ነው፤ በ13.56 ሜጋኸርትዝ ይሠራል፣ በተራ ስልክ ይነበባል። ሌላው ዩኤችኤፍ አርኤፍአይዲ ነው፤ ራሱን የቻለ አንባቢ ይፈልጋል፣ ከሩቅ ይነበባል።

ኤንኤፍሲ የሚያነበው ጥቂት ሴንቲሜትር ብቻ ነው። ፌሮ አጠገብ ሲሆን ደግሞ ያንኑም ያጣል። ስለዚህ በጥልቅ አይቀበርም። በጀት ለጠበበበት ሰው ግን መላ አለው፦ አንቴናው ያለበትን ሰሌዳ ከገጹ ሥር ቅርብ አድርጎ፣ የሚለካውን ጫፍ በአጭር ሽቦ ወደ ውስጥ ማውረድ። ግድግዳ ላይ በደንብ ይሠራል። ሊሾና ሴራሚክ ለሚደረብበት ሶሌታ አልመክርም።

ዩኤችኤፍ ከመረጣችሁ ግዢው ላይ ጠንቀቅ በሉ። አሜሪካ ያለ ዘመድ አንባቢ ልላክልህ ቢል መጀመሪያ ፍሪኩዌንሲውን ጠይቁት። አሜሪካ ውስጥ የሚሸጠው ከ902 እስከ 928 ሜጋኸርትዝ ይጠቀማል። እኛ አገር እንደ አውሮፓና እንደ ሌላው አፍሪካ በዓለም የሬዲዮ ክፍፍል 1ኛው ክልል ውስጥ ነን። የ900 ሞባይል ኔትወርክ ስልክ ወደ ታወር የሚልክበት ከ880 እስከ 915 ነው፤ ከታወር ወደ ስልክ ደግሞ ከ925 ይጀምራል። የአሜሪካው አንባቢ በሁለቱም ላይ ይረግጣል ማለት ነው። ከ865 እስከ 868 የሚሠራውን የአውሮፓ ዓይነት ፈልጉ። ከመግዛታችሁ በፊት ደግሞ የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣንን ስለ ፈቃዱና ስለ መሣሪያው ዕውቅና ጠይቁ። ዕቃው ጉምሩክ ከደረሰ በኋላ መጠየቅ ራስ ምታት ነው።

ወደ ታጉ እንምጣ። ለዕቃ መለያ የሚለጠፈውን ተራ ስቲከር ኮንክሪት ውስጥ አትቅበሩ። ሁለት ምክንያት አለው። አንደኛ፣ ስቲከሩ አየር ላይ እንዲሠራ የተቃኘ ነው። በ866 ሜጋኸርትዝ አንድ የሞገድ ርዝመት አየር ላይ ወደ 35 ሴንቲሜትር ነው፤ ኮንክሪት ውስጥ ወደ 14 ሊወርድ ይችላል። አንቴናው ቅኝቱን ያጣል። ሁለተኛ፣ የኮንክሪት ውስጥ ውሃ ፒኤች (የአሲድና የአልካሊ መጠን መለኪያ) ከ12.5 እስከ 13.5 ነው። አብዛኛው ስቲከር የሚሠራበት ፖሊስተር በእንዲህ ያለ አልካሊ ውስጥ ቀስ በቀስ ይበላል። ፖሊካርቦኔትም አይወደውም። ፖሊፕሮፕሊን ይችለዋል። ስለዚህ "ኮንክሪት ውስጥ ለመቅበር" ተብሎ የተሠራ፣ መልበሻው ምን እንደሆነ የተጻፈለት ታግ ግዙ።

ቺፑን በተመለከተ፣ ሙቀት ብቻ ከበቃችሁ ኢኤም4325 የታወቀ ነው። እርጥበትም ከፈለጋችሁ የአክስዞን ማግነስ ኤስ3 ቺፕ ያለበትን ታግ እዩ። ይህ ቺፕ ሬዲዮ ጣቢያ ጥርት እስኪልለት ቁልፍ እንደሚያዞር ሰው ራሱን ከአንቴናው ጋር ያስተካክላል። አንቴናው አጠገብ ያለው እርጥበት ሲቀየር የሚያዞረው መጠን ይቀየራል። የሚነግራችሁ ቁጥር ያ መጠን ነው። ስለዚህ የእርጥበት ፐርሰንት እንዳይመስላችሁ። ቁጥሩ ትርጉም የሚያገኘው በሚቀጥለው እርምጃ ነው።

3. መጀመሪያ ኪዩብ ውስጥ ሞክሩት

ይህን እርምጃ የሚዘል ብዙ ነው። አትዝለሉት። ሳይት ላይ ለጥንካሬ ምርመራ የሚሠራው 15 በ15 በ15 ሴንቲሜትር ኪዩብ አለ አይደል? በዚያው ሞልድ፣ ለሶሌታው በምትጠቀሙበት ድብልቅ፣ ሁለት ተጨማሪ ኪዩብ ሥሩ። እያንዳንዱ ውስጥ አንድ ታግ ከአንዱ ፊት 4 ሴንቲሜትር ገባ ብሎ፣ ከፊቱ ጋር ትይዩ ሆኖ ይቀመጥ። ታጉ ከኪዩቡ የሚረዝም ከሆነ ከጣውላ ረዘም ያለ ሳጥን ሥሩ።

ሞልዱ ብረት ነው፤ ሳትፈቱት ለማንበብ አትድከሙ። በማግስቱ ስትፈቱት ታጉ ዝም ካለም አትደንግጡ። እርጥብ ኮንክሪት የዚህን ፍሪኩዌንሲ ሞገድ ክፉኛ ይውጣል። አየር ላይ ከአንድ ሜትር ርቀት የሚነበበው ታግ አሁን የአንባቢው አንቴና ኪዩቡ ፊት ላይ ካልተለጠፈ አይመልስም።

አንዱን ኪዩብ ውሃ ውስጥ ተዉት። ሌላውን ከ7 ቀን በኋላ አውጥታችሁ ጥላ ሥር አድርቁት። በየሳምንቱ ሁለቱንም መዝኑ፣ ወዲያው አንብቡ። እርጥቡን ከመመዘናችሁ በፊት ገጹን በጨርቅ ጥረጉት። ኪዩቡ ወደ 8 ኪሎ ይመዝናል። የሚቀንሰው የወጣው ውሃ ስለሆነ በግራም የሚያነብ ሚዛን ያስፈልጋል። ክብደቱን በአንድ በኩል፣ የታጉን ቁጥር በሌላ በኩል ግራፍ ላይ አስቀምጡ። ቁጥሩ ክብደቱን እየተከተለ ከሄደ የመተርጎሚያ ሠንጠረዥ አገኛችሁ። ካልተከተለ ታጉን ቀይሩ። ይሄን ከሶሌታው በፊት ማወቁ ይሻላል።

4. ቦታ ምረጡ

መጀመሪያ አንድ ጥያቄ መልሱ፦ ከላይ ነው የምታነቡት ከታች?

ሰው ሁሉ ከላይ ይላል። ጣሪያው ላይ ግን ሊሾ ይመጣል፣ ከሊሾው በላይ ውሃ የሚከላከለው ዋተርፕሩፍ። የሬንጅ ምንጣፉ ፊቱ አልሙኒየም ፎይል ከሆነ አለቀ፣ ምንም ሞገድ አያልፍም። የሚያምር ታግ፣ ለዘላለም ዝም። ስለዚህ የዋተርፕሩፉን ዓይነት ከአሠሪው ጋር አሁኑኑ ቁረጡ። ፎይል ያለው ከሆነ ንባቡ ከታች ነው የሚሆነው። ከታች ከሆነ ደግሞ ኮርኒሱን ጠይቁ። ጂፕሰም ችግር የለውም፣ የብረት ኮርኒስ ግን እንደ ፎይሉ ይጋርዳል።

ከላይ የሚነበብ ከሆነ ታጉ ከላይኛው ገጽ ከ3 እስከ 5 ሴንቲሜትር ይግባ። የላይኛው ፌሮ ያለው በብዛት ቢሙ አካባቢ ነው፤ ወደ መሐል ወጣ ካላችሁ ሰፊ ክፍት ቦታ ታገኛላችሁ። ከታች የሚነበብ ከሆነ ታጉ ከታችኛው መረብ በላይ፣ በፌሮዎቹ መካከል ባለው ቀዳዳ ትክክል ይቀመጣል። ከየትኛውም ፌሮ ቢያንስ 5 ሴንቲሜትር ይራቅ። የታጉ ርዝመት ጥቅጥቅ ብሎ ከተደረደረው ፌሮ ጋር መስቀልኛ ይሁን እንጂ ትይዩ አይሁን። ትይዩ የሆነውን ሞገድ ፌሮው ይመልሰዋል፣ መስቀልኛው ግን ሾልኮ ያልፋል።

የት የት? ሮቶው የሚቀመጥበት ሥር። የዝናብ ውሃ መውረጃ ቀዳዳ ዙሪያ። የሶሌታው ጠርዝ ከፓራፔቱ (ከጣሪያው ዙሪያ አጭር ግድግዳ) የሚገናኝበት። የመጨረሻው ፎቅ መታጠቢያ ቤት። ኮንክሪቱ በሁለት የተለያየ ቀን ከተሞላ የመጋጠሚያው መስመር። ከዚህ ሁሉ ሌላ አንድ ታግ ምንም ውሃ ሊደርስ የማይችልበት ቦታ ይቀበር። እሱ ምስክራችሁ ነው፤ ያለ እሱ የሌሎቹን ቁጥር መዳኘት አይቻልም። ለ200 ካሬ ጣሪያ ስምንት ያህል ታግ ይበቃል ባይ ነኝ። ሠላሳ የቀበረ ሰው ሠላሳውን እየዞረ ማንበብ ይሰለቸዋል፣ ከዚያ ሁሉንም ይተዋል።

5. ታጉን እሰሩ

ከማሰራችሁ በፊት እያንዳንዱን ታግ አየር ላይ አንብቡ። መለያ ቁጥሩን መዝገብ ላይ ጻፉ። የመጨረሻዎቹን አራት አሐዞች በማይጠፋ ማርከር ጀርባው ላይ ድገሙት።

በፌሮ ማሰሪያ ሽቦ አትሰሩ። ሽቦው ራሱ ብረት ነው፣ ታጉ ላይ ተጠምጥሞ ቅኝቱን ያበላሻል። ፋሸታ የምንለው የፕላስቲክ ማሰሪያ ይሻላል። የኤሌክትሪክ መስመር የሚቀበርበትን የፕላስቲክ ቱቦ በቁመቱ ሰንጥቁ። ከፌሮ ፌሮ የሚደርስ ቁራጭ ይውጣለት። ሁለቱን ጫፍ በፋሸታ ከፌሮዎቹ ጋር እሰሩ፣ ታጉን ደግሞ መሐሉ ላይ። የሚለካው ፊት ወደ ኮንክሪቱ ይዙር፣ ፕላስቲኩ ጀርባውን ይያዝ። ታጉ እንደ ሶሌታው ጠፍጣፋ ተኝቶ መሆን አለበት። ከቆመ ጫፉ ወደ አንባቢው ይዞራል፤ በጫፉ በኩል ደግሞ ከሞላ ጎደል መስማት የተሳነው ነው።

ከዚያ ልኩን ያዙ። ከሁለት ኮለኖች ፊት በሜትር ለኩ፣ ጥልቀቱን ከፎርምወርኩ ለኩ። ሜትሩ ከነቁጥሩ ታጉ አጠገብ እየታየ ፎቶ አንሱ። ልኩ ከአክሲስ (ፕላኑ ላይ ካለው የኮለኖች መስመር) ወይም ከኮለን ይሁን። "ከደረጃው አጠገብ" የሚል ማስታወሻ ከአሥር ዓመት በኋላ ለማንም አይጠቅምም።

6. የሙሌት ቀን

የዚህ ቀን ጠላት ቫይብሬተር ነው። ቫይብሬተር የያዘው ልጅ ጥፋተኛ አይደለም፤ ሥራው ጥቅጥቅ ማድረግ ነው፣ የት ምን እንዳለ ካልተነገረው በየት ያውቃል? ስለዚህ ጠዋት ሙሌት ሳይጀመር ፎርማኑን፣ ፌራዮዎቹንና ቫይብሬተር የሚይዘውን ሰብስባችሁ ቦታዎቹን አሳዩ። "ኢንጂነር፣ ሞባይል ነው እንዴ የምትቀብሩት?" የሚል አይጠፋም። ይሳቅ፣ ግን ይመልከቱት። በየታጉ ላይ ቀይ ሪባን እሰሩ፤ ኮንክሪቱ ሲደርስ ይፈታል። ቫይብሬተሩ ከታጉ አንድ ክንድ ይራቅ። በታጉ ዙሪያ ያለውን በእጅ በብረት ዘንግ ቀስ ብሎ መጠቅጠቅ ይበቃል። ኮንክሪቱም ታጉ ላይ ከከፍታ አይደፋ። ጎኑ ላይ ፈሶ ይምጣለት፣ 02 የሚባለው ጠጠር በቀጥታ ሲያርፍበት ፋሸታውን ይበጥሰዋል።

ሙሌቱ ሊጀመር ሲል ሁሉንም አንድ ጊዜ አንብቡ። ካበቃ በኋላ ዝም ቢሉ አይግረማችሁ፤ ኪዩቡ ላይ አይታችሁታል። በ7ኛው ቀን ሞክሩ፣ በ28ኛው ቀን ድገሙ።

7. መነሻ ንባብ

ከሁሉም የሚበልጠው ይህ ነው፣ ትዕግሥትም ይፈልጋል። ኮንክሪት ቶሎ አይደርቅም። በባለሙያዎች ዘንድ ያለው የቆየ ግምት በአንድ በኩል ብቻ ለሚደርቅ ኮንክሪት ለየ2.5 ሴንቲሜትር ውፍረት አንድ ወር ነው። 15 ሴንቲሜትር ሶሌታ ስድስት ወር ያህል ይወስዳል ማለት ነው። በ28ኛው ቀን ያነበባችሁትን መነሻ ካደረጋችሁት፣ ቀጣዩ ዓመት ሙሉ "እየደረቀ ነው" እያለ ያታልላችኋል። የሚያፈስ ቦታ እንኳ በዚያ መድረቅ ውስጥ ይደበቃል።

መነሻውን ለማንበብ እኔ የምመርጠው ከዚህ መድረቅ በኋላ በሚመጣው የመጀመሪያው በጋ ነው፤ ጥር ወይም የካቲት ላይ፣ የበልጉ ዝናብ ሳይመጣ። ከዚያ በየዓመቱ ሁለት ጊዜ፦ አንዱ በዚያው ወቅት፣ ሌላው ክረምቱ እንዳበቃ መስከረም አጋማሽ።

8. አነባበብ

ሁልጊዜ ያው አንባቢ፣ ያው አንቴና። ጠዋት፣ ፀሐይ ጣሪያውን ሳትመታ። በታጉ ትክክል ኮርኒሱ ወይም ወለሉ ላይ ትንሽ የቀለም ምልክት አድርጉ። አንቴናውን እዚያው ላይ፣ በዚያው አቅጣጫ ያዙ። ርቀቱ እንዳይዛነፍ አንቴናው ፊት ላይ 5 ሴንቲሜትር ፎም ለጥፉ።

የአንባቢውን ኃይል ከዝቅተኛው ጀምራችሁ አንድ አንድ ዲሲቤል (የኃይል ደረጃ መለኪያ) ጨምሩ። ታጉ መጀመሪያ የመለሰበትን ኃይል ጻፉ። ይህ ቁጥር በነጻ የሚገኝ ሁለተኛ ሴንሰር ነው። ኮንክሪቱ ሲረጥብ ታጉን ለመቀስቀስ ተጨማሪ ኃይል ይፈልጋል። ከዚያ ሦስት ዲሲቤል ያህል ጨምራችሁ ሠላሳ ጊዜ አንብቡ፣ መካከለኛውን ውሰዱ። ማግነስ ቺፕ ካላችሁ ታጉ ምን ያህል ኃይል እንደደረሰው ራሱ ይናገራል። ያ ቁጥር ከአምናው በጣም ከተለየ የእርጥበት ንባቡን አትመኑት፤ ኃይሉን አስተካክላችሁ ድገሙ። ሙቀቱንም አብራችሁ መዝግቡ።

ኤክሴል ላይ ለየታጉ አንድ መስመር፦ ቀን፣ ሰዓት፣ የመቀስቀሻ ኃይል፣ የእርጥበት ቁጥር፣ ሙቀት፣ ያነበበው ሰው ስም።

9. ቁጥሩ ምን ይላል?

አንድ ቁጥር ለብቻው ምንም አይልም። ታጉን ከራሱ ያለፈ ንባብ ጋር፣ ከዚያም ከምስክሩ ጋር አስተያዩ።

ሁሉም መስከረም ላይ ከፍ ብለው ምስክሩም አብሮ ከፍ ካለ የአየሩ ጠባይ ነው። አንዱ ብቻ ከፍ ካለና ጥር ላይ ከወረደ የዝናብ ውሃ በዚያ በኩል እየገባ ነው፤ ዋተርፕሩፉን ወይም መውረጃውን እዩ። አንዱ በጋም ክረምትም እርጥብ ከሆነ ዝናቡን ተዉት። ቧንቧ ነው፣ ወይም ሮቶው። አንዱ ጨርሶ ዝም ካለ ቶሎ "ሞተ" አትበሉ። ከፍተኛ ኃይል ሰጥታችሁ ሞክሩ፣ ካልሆነ ጥር ላይ ተመለሱ። ውሃ አፍኖት ከሆነ ሲደርቅ ይናገራል፤ ዝምታው ራሱ መረጃ ነው።

ጥርጣሬ ካለ የውሃ ሙከራ አድርጉ። የመውረጃውን አፍ ድፈኑ። ጣሪያው ላይ ጥቂት ሴንቲሜትር ውሃ ለ48 ሰዓት አቁሙ፤ መጀመሪያ ግን ሶሌታው ያን ክብደት እንደሚችል ዲዛይን የሠራውን መሐንዲስ ጠይቁ፣ 5 ሴንቲሜትር ውሃ በካሬ 50 ኪሎ ነውና። ከሙከራው በፊት፣ በመጨረሻው ሰዓትና ከሳምንት በኋላ አንብቡ። አዲስ ዋተርፕሩፍ ስትረከቡ ይህን ማድረግ ከኮንትራክተሩ ጋር የሚነሳውን ጭቅጭቅ ያሳጥራል።

እርጥበት ማለት ዝገት ማለት አይደለም። እርጥብ የሆነው ቦታ ከታወቀ በኋላ ተራው የሌላ ምርመራ ነው። አዲስ አበባ ባሕር ስለሌላት የፌሮ ዋና ጠላት ጨው ሳይሆን ካርቦኔሽን ነው። የአየሩ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ቀስ እያለ ገብቶ ፌሮውን የሚጠብቀውን አልካሊ ያረክሳል። ከዚያ በላይ ውሃ ሲጨመርበት ዝገቱ ይጀምራል። ትንሽ ኮንክሪት ፈልፍላችሁ ፌኖልፍታሊን የሚባለውን አልካሊ ሲነካ ቀለሙ የሚቀየር ፈሳሽ ጠብ አድርጉ። ሮዝ ከሆነ ደህና ነው፣ ቀለም ካልያዘ አልካሊው ሄዷል። ፌሮው ላይ በመዳብ ሰልፌት ኤሌክትሮድ የኤሌክትሪክ ፖቴንሻል (ቮልቴጅ) ማስለካትም ይቻላል። በአሜሪካው ኤኤስቲኤም መለኪያ ከ350 ሚሊቮልት በላይ አሉታዊ ከሆነ ዝገት የመኖሩ ዕድል ከ90 በመቶ በላይ ነው። አሉታዊነቱ ከ200 ሚሊቮልት ካነሰ ደግሞ ዝገት ያለመኖሩ ዕድል ከ90 በመቶ በላይ ነው። ጅቡቲ ወይም ባሕረ ሰላጤው አገሮች የምትሠሩ ግን ጨዉን አስቀድሙ፤ እዚያ የሚያስፈልጋችሁ የክሎራይድ ምርመራ ነው።

በ2017 ዓ.ም. ታኅሣሥና ጥር የፈንታሌ አካባቢ የመሬት መንቀጥቀጥ አዲስ አበባ ድረስ ሲሰማ ብዙ ሰው "ሕንፃዬን የሚከታተል ሴንሰር አለ ወይ?" ይል ነበር። አለ፣ ግን ይህ አይደለም። የእርጥበት ታግ ንዝረትን አይለካም። ስንጥቅ ቢፈጠር ሊያሳይ የሚችለው በስንጥቁ ውሃ ሲገባ ብቻ ነው።

ሕንፃው አስቀድሞ ተሠርቶ ከሆነ

ይቻላል። መጀመሪያ በፌሮ መፈለጊያ መሣሪያ ፌሮዎቹን ለዩ። ከዚያ በፌሮዎቹ መካከል በድሪል ቀዳዳ ይበሳል። ለወለል እርጥበት የሚጠቀሙበት የኤኤስቲኤም አሠራር ጥልቀቱን እንዲህ ይወስናል፦ ሶሌታው በአንድ በኩል ብቻ የሚደርቅ ከሆነ የውፍረቱ 40 በመቶ፣ በሁለቱም በኩል ከሆነ 20 በመቶ። ለ15 ሴንቲሜትር ሶሌታ 6 ወይም 3 ሴንቲሜትር መሆኑ ነው። እንዲህ ላለ ቀዳዳ የሚገባ ጠባብ ታግ ወይም ቅድም ያልነው ባለ አጭር ሽቦ ኤንኤፍሲ ይሻላል። ቀዳዳውን አቧራውን ነፍታችሁ አጽዱ፣ አፉን ሲደርቅ በማይኮማተር ሞርታር ዝጉ። አዲሱ ሞርታር ራሱ እርጥብ ስለሆነ የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ንባብ አትቁጠሩት።

ርክክብ

ሕንፃው ሲረከብ አንድ ወረቀት ይዘጋጅ፦ የታጎቹ መለያ ቁጥር፣ ከኮለን የተለካ ቦታ፣ ጥልቀት፣ ፎቶ፣ የኪዩቡ ሠንጠረዥ፣ መነሻ ንባብ፣ የአንባቢው ሞዴልና ፍሪኩዌንሲ። አንባቢው ከተበላሸና ሌላ ከተገዛ በሁለቱም አንድ ቀን አንብባችሁ ልዩነቱን እዚያው ላይ ጻፉ። አንድ ቅጂ ለባለቤቱ፣ አንዱ ከሕንፃው ፕላን ጋር፣ አንዱ ደግሞ ታትሞ በፕላስቲክ ተለብጦ የኤሌክትሪክ ሳጥኑ በር ውስጠኛ ፊት ላይ ይለጠፍ። ጣሪያው ሲያፈስ ጥገና የሚመጣው ሰው መጀመሪያ የሚከፍተው እሱን ነው።